ቧንቧ ብቻ መስሎን ነበር፦ የምግብ ቧንቧን ለመጠገን የተሄደበት ረጅም መንገድ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ቀድታችሁ፣ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ከላይ ሲታይ የሕክምና ጉዳይ ይመስላል እንጂ ታሪክ ነው፤ የድፍረት፣ የትዕግስት፣ የችኮላና የውሸት ታሪክ። መሃሉ ላይ ደግሞ የእኛው አካባቢ ሰው አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ቀላል ነው። የአንድ ሰው የምግብ ቧንቧ በካንሰር ወይም በኬሚካል ቃጠሎ ቢበላሽ፣ በምትኩ አዲስ ሠርቶ መግጠም ይቻላል ወይ? መልሱ ግን ከ140 ዓመት በላይ የሰው ልጅን ሲያለፋ ኖሯል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተገኘም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነስቶ፣ ከአየር ቧንቧና ከልብ ጀርባ አልፎ፣ ጨጓራ ድረስ የሚወርድ ነው። የአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ብዙ ተማሪ እንደ ውሃ ቧንቧ ነው የሚያስበው፤ ከላይ ይገባል፣ በታች ይወጣል፣ አለቀ። እንደዛ አይደለም። አንድ ሰው በጭንቅላቱ ቆሞ ቢውጥ እንኳን ምግቡ ወደ ጨጓራው ይሄዳል። ለምን? ቧንቧው ጡንቻ ስላለው ከኋላ እየጠበበ፣ ከፊት እየሰፋ ጉርሻውን ይገፋዋል። ከውስጥ የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን፣ ከሱ በታች ደም ስርና እጢ ያለበት ሽፋን፣ ከዛ ደግሞ ጡንቻ አለው። በየደቂቃው የሚሠራ፣ የሚሰማው፣ ደም የሚፈልግ ሕያው አካል ነው።

ለቀዶ ሐኪም ደግሞ ክፉ ነው። አንጀትን ከውጭ የሚሸፍነው ጠንካራና ስስ ልባስ እሱ ጋ የለም፤ ስለዚህ ስፌት በደንብ አይዝም። ደም የሚያገኘው ከየቦታው በሚመጡ ትናንሽ ደም ስሮች ነው፤ ሲነካካ ቶሎ ይደርቃል። ስፌቱ ከላላ ምራቅና ምግብ ወደ ደረት ይፈሳል። ያ ማለት ሰውየው በኢንፌክሽን ያልቃል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1871 ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ታላቅ የቪየና ቀዶ ሐኪም የምግብ ቧንቧን ቆርጦ ማውጣት በውሻ ላይ ሞከረ። ከ6 ዓመት በኋላ በ1877 ቪንሰንዝ ቸርኒ አንገት ላይ ያለውን የቧንቧ ክፍል ከሰው ላይ ቆርጦ ማውጣት ቻለ። ልብ በሉ፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ውሻ ነው፣ ቀጥሎ ሰው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አንገት ላይ ያለው ይሁን፣ ደረት ውስጥ ያለውስ? ኒው ዮርክ ውስጥ ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ሐኪም በ1913 የ67 ዓመት ሴት ደረት ከፍቶ የታመመውን ቧንቧ አወጣ። ጎበዝ! ግን በምን ይተካው? መተኪያ አልነበረውም። ያደረገው ነገር ዛሬ ሲሰማ ያስደነግጣል። የቀረውን የላይኛውን ጫፍ አንገቷ ላይ ቀዳዳ አድርጎ አወጣው፤ ሆዷ ላይ ደግሞ ወደ ጨጓራ የሚገባ ሌላ ቀዳዳ ከፈተ። ሁለቱን ከሰውነቷ ውጪ በጎማ ቱቦ አገናኛቸው። ሴትየዋ ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ምግቡ በአንገቷ ወጥቶ፣ በጎማው ወርዶ፣ ሆዷ ይገባል። እንዲህ ሆና ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። ካንሰሩም አልገደላት። በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የምግብ ቧንቧ እሱ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም፤ ግን ማንም አካል ነው ብሎ አላታለላትም። ጎማ ነው፣ ጎማ ተባለ።

ከዛ በፊት በ1907 ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ሴዛር ሩ የተባለ ሐኪም ሌላ ብልሃት አምጥቶ ነበር። በኬሚካል ቃጠሎ ጉሮሮው የጠበበበትን ልጅ ከራሱ ትንሹ አንጀት ቆርጦ፣ ደም ስሩን ሳይበጥስ፣ በደረቱ ቆዳ ስር ወደ ላይ አሳልፎ አዲስ መንገድ ሠራለት። ቁልፉ ያለው «ደም ስሩን ሳይበጥስ» የምትለው ላይ ነው። በ1911 ደግሞ ሌሎች ሐኪሞች በትልቁ አንጀት ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። በ1946 አይቨር ሉዊስ የተባለው የዌልስ ተወላጅ ጨጓራን ራሱን ወደ ደረት ስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር የመስፋትን ዘዴ አሳተመ። ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚሠራው በአብዛኛው የሱ ዘዴ ነው፤ ስሙንም እንደያዘ ነው።

ሰውን ያድናል፣ እውነት ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ጨጓራው ደረት ውስጥ ገብቶ ሲጠብ ሰውየው እንደ ድሮው ጠግቦ መብላት አይችልም። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። አሲዱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ትራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል። ቀዶ ጥገናውም ሆድንም ደረትንም መክፈት ስለሆነ ከባድ ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች ማለም ጀመሩ። «ከሌላ ቦታ ከምንሰርቅ ለምን አንሠራውም?» ፕላስቲክ ዓለምን ባጥለቀለቀበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤድጋር በርማን የተባለ የባልቲሞር ቀዶ ሐኪም የፖሊኤቲሊን ቱቦ በተቆረጠው ቧንቧ ምትክ ገጠመ። ከሱ በኋላም ብዙዎች ብዙ ዓይነት ቱቦ ሞከሩ። ችግሩ ሁሌ ያው ነበር፦ መገጣጠሚያው ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ቱቦው ከቦታው ይንሸራተታል፣ ካልሆነም ጫፎቹ ላይ ጠባሳ አብቅሎ ይዘጋል። ሰውነት ፕላስቲክን ዘመዴ ብሎ አልተቀበለም።

ስካፎልድ የሚባለው ሃሳብ የመጣው ከዚህ ሽንፈት ነው። አዲስ አበባ ሕንጻ ሲሠራ ዙሪያውን የሚታሰረውን የአጣና ርብራብ አስታውሱ። ርብራቡ ሕንጻው አይደለም። ግንበኛው ቆሞበት እንዲሠራ ነው የሚታሰረው፤ ግድግዳው ሲያልቅ ይፈታል። የሰውነት ስካፎልድም እንደዛ ነው። ሴሎች ተጣብቀው እንዲበዙበት፣ ቅርጽ እንዲይዙበት የሚቀመጥ መረብ ነው። አንዳንዱ ከእንስሳ ይገኛል፤ ለምሳሌ የአሳማ ፊኛ ወይም አንጀት ታጥቦ ሴሎቹ በሙሉ ሲወገዱ ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን መረብ ብቻ ይቀራል። ሌላው በፋብሪካ ከፖሊመር ይሠራል። ከዛ የታማሚው የራሱ ሴል ይዘራበታል። ተስፋው ሴሎቹ ግንበኛ ሆነው አዲስ አካል እንዲያቆሙ ነው።

ሃሳቡ ያምራል። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ግንበኛው ምን ይበላል? ሴል ያለ ደም አይኖርም። መረቡ ሲገጠም የራሱ ደም ስር የለውም። ደም ስር ከዳር ቀስ እያለ እስኪያድግ ድረስ መሃል ያሉት ሴሎች ይሞታሉ። ሩ በ1907 «ደም ስሩን አልበጥስም» ያለው ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንግባ። ለጥቂት አንቀጾች ከምግብ ቧንቧ ወደ ጎረቤቱ ወደ አየር ቧንቧ እንሻገራለን። ምክንያቱም የሁለቱ ታሪክ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የተገናኘው።

በ2008 ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም ባርሴሎና ውስጥ ከሞተ ሰው የተወሰደና ሴሎቹ የታጠቡለት የአየር ቧንቧ የአንዲትን ሴት ሴል ዘርቶበት ገጠመላት። ዓለም አጨበጨበ። በ2010 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን የሚወስኑ ፕሮፌሰሮች የሚሠሩበት የስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ተቋም ቀጠረው። ቀጥሎ ከዛም ያለፈ ነገር አሰበ፦ የሞተ ሰው ቧንቧ መጠበቅ ለምን? በፕላስቲክ እንሥራው።

የመጀመሪያው ታማሚ ኤርትራዊ ነበር። የ36 ዓመት ሰው፣ አይስላንድ ውስጥ ለማስተርስ የሚማር፣ ባለትዳርና የልጆች አባት። ስሙ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቷል፤ እኔ ግን ቤተሰቡን በማክበር አልጽፈውም። የአየር ቧንቧው ውስጥ እጢ በቅሎበት፣ ከዚህ በፊት የተሠራለት ሕክምና አልበቃ ብሎት ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2011 ስቶክሆልም ውስጥ ለንደን ላይ የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ተገጠመለት። ቧንቧው ከመገጠሙ በፊት ባዮሪአክተር በሚባል ማሽን ውስጥ፣ ከራሱ የአጥንት መቅኒ በተወሰደ ሴል፣ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ሲነከር ቆየ። «ሕያው ሆነ» የተባለው በዚህ ነው።

በዛው ዓመት መጨረሻ ላንሴት የተባለው ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽሁፍ ወጣ። ታማሚው ደህና ነው፣ ቧንቧው ጤነኛ ቧንቧ ሊመስል ተቃርቧል የሚል ነበር። ሁለተኛው ታማሚ አሜሪካዊ በኅዳር 2011 ተሠራለት፤ በመጋቢት 2012 ሞተ። ሦስተኛዋ ወጣት ቱርካዊት በነሐሴ 2012 ተሠራላት፤ ለዓመታት ከሆስፒታል አልጋ ሳትወጣ፣ ማቆሚያ የሌለው ቀዶ ጥገና ሲደረግላት ኖራ በ2017 አረፈች። ሩሲያ ክራስኖዳር ውስጥም ሌሎች ተሠራላቸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2013 የሁለት ዓመት ሕጻን ተሠራላትና በወራት ውስጥ ሞተች።

ወንድማችንስ? ትምህርቱን ጨረሰ፤ ግን እያደር ታመመ፣ ሆስፒታል ተመላለሰ። በጥር 2014 አረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር ፕላስቲኩ ከቦታው ላልቶ ተገኘ። ከሥጋው ጋር አልተዋሐደም ነበር። በርማን ከ60 ዓመት በፊት የገጠመው ችግር ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው «ስቴም ሴል» የሚል ስም ለብሶ መምጣቱ ብቻ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አውጡት። ቢልሮት በ1871 ውሻ ላይ ሞከረ፤ ከዛ ነው ወደ ሰው የተኬደው። ይህ የፕላስቲክ ቧንቧ ግን ሰው ላይ ከመገጠሙ በፊት በእንስሳ ላይ እንዲህ ተደርጎ አልተሞከረም። ከሥነ ምግባር ገምጋሚው ቦርድም ፈቃድ አልተጠየቀም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ ደንብ በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያውም የኖቤል ደጃፍ ላይ ተዘለለ።

ማንም አላስጠነቀቀም እንዳትሉ። ቤልጂየም ሉቨን ውስጥ ፒየር ዴላየር የሚባሉ የአየር ቧንቧ ስፔሻሊስት ገና ከመጀመሪያው «ደም የሌለው ፕላስቲክ ወደ ሕያው አካል ሊለወጥ አይችልም» እያሉ ይጽፉ ነበር። ማን ሰማቸው! በ2014 ደግሞ እዛው ካሮሊንስካ የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ማለትም ካርል ሄንሪክ ግሪነሞ፣ ማቲያስ ኮርባሺዮ፣ ቶማስ ፉክስና ኦስካር ሲሞንሶን አንድ ነገር አደረጉ። የታማሚዎቹን ካርድ አወጡና መጽሔት ላይ ከወጣው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። አይገጥምም። ወረቀቱ «ደህና ነው» ሲል ካርዱ «ታሟል» ይላል። ይህንኑ በማስረጃ አስደግፈው ለአለቆቻቸው አቀረቡ።

ምን የተደረገላቸው ይመስላችኋል? የታማሚ ሚስጥር ጥሳችኋል ተብለው ለፖሊስ ተጠቆሙ። በ2015 ቤንግት ጌርዲን የተባሉ ገለልተኛ ፕሮፌሰር መርምረው ጥፋት አለ ብለው ጻፉ፤ የተቋሙ ኃላፊ ግን ሰውየውን ነጻ አደረጉት። ነገሩ የፈነዳው በጥር 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ ነው። ሕዝብ የታማሚዎቹን ሁኔታ በዓይኑ አየ። ከዛ በኋላ የተቋሙ ኃላፊ ለቀቁ፣ ማኪያሪኒ ተባረረ። የ2011ዱን ጽሁፍ ላንሴት በ2018 ሰረዘው፤ የባርሴሎናውን የ2008 ጽሁፍ ደግሞ በ2023። በዚያው በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱ የስቶክሆልም ታማሚዎች ጉዳይ ጥፋተኛ ብሎ 2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት።

አሁን ወደ ምግብ ቧንቧችን እንመለስ። ይኸው የማኪያሪኒ ቡድን በ2014 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ የተባለ መጽሔት ላይ «የምግብ ቧንቧ ስካፎልድ ሠርተን፣ ሴል ዘርተን፣ አይጥ ላይ ገጠምን፤ አይጦቹም እየበሉ ክብደት ጨመሩ» የሚል ጽሁፍ አውጥቶ ነበር። ያ ጽሁፍም ተመርምሮ የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ተገኘበት፤ በ2017 ተሰረዘ። እስቲ አስቡት፤ የአየር ቧንቧው ውሸት ባይጋለጥ ኖሮ ቀጣዩ የማን ጉሮሮ ነበር?

ታዲያ ሁሉም ውሸት ነው ማለት ነው? አይደለም። በእነዚያው ዓመታት ድምጻቸውን ሳያሰሙ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ላሳጥረው፦

🔹 ፒትስበርግ ውስጥ ስቲቨን ባዲላክ ሙሉ ቧንቧ ልሥራ አላለም። ለዓመታት በውሻ ላይ ሞከረ። ከዛ በኋላ በ2011 ካንሰራቸው ገና የላይኛው ሽፋን ላይ ያለ 5 ታማሚዎች የውስጡ ሽፋን ብቻ ተልጦ፣ ከእንስሳ የተገኘው መረብ እንደተለጠፈላቸው አሳተመ። ጡንቻው አልተነካም፤ ደሙ እዛው ነበር። ሽፋኑ መልሶ በቀለ።

🔹 ቶኪዮ ውስጥ እነ ቴሩዎ ኦካኖ ከታማሚው ጉንጭ የውስጥ ሽፋን ሴል ወስደው፣ እንደ ስስ ቅጠል አሳድገው፣ ቁስሉ ላይ ለጠፉት። በ2012 በ9 ታማሚዎች ላይ የተሠራውን አሳተሙ። ዓላማቸው ትንሽ ነበረች፤ ካንሰሩ ከተላጠ በኋላ ጠባሳው ጉሮሮን እንዳይዘጋ።

🔹 አሜሪካ ሚልዋኪ ውስጥ በ2016 ስለተዘገበ አንድ ወጣት ደግሞ ስሙ። የ24 ዓመት ልጅ እያለ ከመኪና አደጋ በኋላ የምግብ ቧንቧው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠፋ። ሐኪሞቹ ክፍተቱን በብረት ስቴንት ደግፈው፣ ሴሉ ከታጠበ የሰው ቆዳ የተሠራ መረብ አለበሱት፤ የራሱን የደም ፕሌትሌትም ቀቡበት። ስቴንቱ የወጣው ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ከዛ በኋላ ለ4 ዓመት ሲከታተሉት በአፉ ይበላ ነበር፤ ግድግዳውም ሽፋን በሽፋን ተሠርቶ ታየ። እሱም ቢሆን አንድ ሰው ነው፤ ሐኪሞቹም ያደረጉት ሌላ አማራጭ ሲያጡ መሆኑን ጽፈዋል።

🔹 የሚገርመው ደግሞ ለስቶክሆልሙ ቀዶ ጥገና ባዮሪአክተሩን ከሠራው ኩባንያ የወጣው ድርጅት ራሱ ተምሮ ተመለሰ። ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2018 በ8 አሳማዎች ላይ የተሠራ ጥናት አሳተመ። ከአሳማዎቹ ስብ የተገኘ ሴል የተዘራበትን ስካፎልድ ገጠሙና ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ መልሰው አወጡት። አጣናው ተፈታ ማለት ነው። ከውጪው የበቀለው ሥጋ ቀስ እያለ ቧንቧ ሆነ። በ2017 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ለአንድ የ75 ዓመት ሰው ተሠርቶለት 8 ወር ገደማ ኖሮ በስትሮክ አርፏል።

አያችሁ ልዩነቱን? የተሳካላቸው ሁሉ ሰውነት ራሱ እንዲሠራ ጊዜና ደም ሰጡት፤ ከዛም የሆነውን እንደሆነው ጻፉ። «8 ወር ኖሮ አረፈ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል ብለው «ደህና ነው» አላሉም። ሳይንስ ማለት ይሄው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን አባባል የተጻፈው ለዚህ ሙያ ይመስላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ ሩቅ ስላልሆነ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና በብዛት ይታያል። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችም ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ታማሚዎች መብዛታቸውን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ሻዩም ቡናውም ትንሽ ይብረድ። ደግሞ እባካችሁ፣ በረኪናና የባትሪ አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ! ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሩ በ1907 ያከመው ልጅ ዓይነት ጉዳት የሚመጣው በዚህ ነው። ስካፎልዱ እስኪደርስልን ድረስ ያለንን ቧንቧ እንጠብቅ።

ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ነገር። ከናንተ መሃል ነርስም፣ ሐኪምም፣ የላብራቶሪ ባለሙያም የሆናችሁ አላችሁ። አንድ ቀን አለቃችሁ የጻፈውና ካርዱ ላይ ያለው አይገጥም ይሆናል። ያኔ እነዚያን አራት ሐኪሞች አስታውሱ። የሠሩት ምንም የረቀቀ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ፣ ያዩትንም ተናገሩ። ያ ኤርትራዊ ወንድማችን በሕይወት እያለ ይህን የሚያደርግለት ሰው ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ከሱ በኋላ የመጡት ምናልባት ይተርፉ ነበር።

ነፍስ ይማር። በሙያው ያላችሁ የጨመራችሁትን ጨምሩ፤ ሌላው ደግሞ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት።